ለአርባ ዓመት የተሠራ ሕንፃ

ሃካታ፣ ኖቬምበር 4 ቀን 2018

ለአጎቴ ለኩጋ፣

ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎ? ብርዱ ሳይገባ ናጋሳኪ ተሻግረው ሐኪም ይዩ ብዬ ነበር፤ እንዳልሄዱ ግን ከዚህ ሆኜ አውቀዋለሁ። እኔም እናቴም ደህና ነን። ጆሮዎ ስልክ አልሰማም ካለ ወዲህ ደብዳቤ መጻፍ ለምጃለሁ። እናቴ እንዲያውም ለእሷ ከማወራው ለእርስዎ የምጽፈው እንደሚበልጥ ትነግረኛለች። እውነቷን ነው፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ አባት የምለው እርስዎን ነው።

መልሱን ያዘገየሁት ረስቼ አይደለም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ነገሩ ሳያልቅ መንገር ፈርቼ ነው። አሁን አልቋልና የጠየቁኝን ልመልስ፦ ሕንፃው አይፈርስም። አቶ ሙሮዞኖ ሐሙስ ዕለት ፈረሙ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ስለምናቸው እንደነበር ያውቃሉ። እሳቸው አባታቸው ያሠሩትን አፍርሰው አዲስ ሊያቆሙ ነበር የፈለጉት። እኔ ደግሞ ለአዲሱ በሚቀልጠው ብረትና በሚቃጠለው ሲሚንቶ ብቻ የሚወጣው ጭስ፣ አሮጌው በብዙ ዓመት ከሚያወጣው እንደሚበልጥ በቁጥር አሳየኋቸው። ጤነኛ ሕንፃ አፍርሶ ስለ አየር ንብረት ማውራት ቀልድ ነው አልኳቸው። አልሳቁም፤ ግን ፈረሙ።

በ1970 እርስዎ ፎርማን፣ አባቴ መሐንዲስ ሆናችሁ ያቆማችሁት ስምንት ፎቅ አሁን እንዲህ ይሆናል። መስኮቱ ሁሉ ድርብ መስታወት ይገባለታል። ግድግዳው ሙቀትና ብርድ የማያሳልፍ ልባስ ይለብሳል። ምድር ቤት ያለው በዘይት የሚነድ ማሞቂያ ይወጣል። ጣራው ላይ አፈር ተደልድሎ ሣርና ቁጥቋጦ ይተከላል፤ በአንድ በኩል የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ ይደረደራል። ሕንፃው የሚበላው ኃይል በግማሽ ይቀንሳል። የአባቴ ሥራ ሌላ ሃምሳ ዓመት ይኖራል ማለት ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ከስድስተኛ ፎቅ በላይ ስላለው ኮንክሪት ፋይሉ ውስጥ አንድ የፈቃድ ወረቀት እንጂ ሌላ የለም። የሳይቱ የዕለት ማስታወሻ እርስዎ ጋ ይሆን? ካለ ይላኩልኝ።

ቶሞኤ ሂዳካ


ጎቶ ደሴት፣ ኖቬምበር 13

ቶሞኤ ልጄ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እናትሽን ሰላም በያት። እዚህ ንፋሱ ጀምሯል። ስኳር ድንቹን ቆርጠን ለማድረቅ ሰቅለናል፤ ጎረቤቴ ሶኖ ባትኖር በዚህ እጄ አይሆንም ነበር። ሰኞ ሰኞ እየመጣች ትቆጣኛለች፣ ትረዳኛለች፣ እንደገና ትቆጣኛለች። ሐኪም ጋ አልሄድኩም። በዚህ ዕድሜ ሐኪም የሚነግረኝን ጉልበቴ ራሱ ይነግረኛል።

ለምን ደስ አላለውም ብለሽ እንዳታዝኚብኝ። ብዙ የምጽፈው ነገር ነበረኝ፤ ወረቀቱ ፊት ስቀመጥ ግን ይጠፋብኛል።

ማስታወሻዬን ጠይቀሽኛል። የተረፈውን በዚህ ጥቅል ልኬልሻለሁ። የቀረውን አይጥ በልቶታል።

ስለ ጣራው ልንገርሽ። አፈሩን ተዪው። የፀሐይ ሰሌዳው ብቻ ይበቃል። መስታወቱንም ልባሱንም አድርጊ፣ ማሞቂያውንም አውጪ፤ ጣራው ላይ ግን አፈር አትጫኚ። ዕድሜ የተጫነው ራስ ላይ እንስራ አይጫንም። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ። ከልጅነትሽ ጀምሮ ስትጠይቂኝ ያልመለስኩልሽ ነገር የለም፤ ይህን አንዱን ብቻ እሺ በዪኝ።

በጤና ቆዪኝ።

ኢዋኦ ኩጋ


ሃካታ፣ ኖቬምበር 22

አጎቴ፣

ጥቅሉም ደርሶኛል፣ በማግስቱ የላኩት ፖስት ካርድም ደርሶኛል። ማስታወሻዎችዎን እንደ ልብ ወለድ ነው ያነበብኳቸው። ጁላይ አለ። ኦክቶበር አለ። ጽሑፍዎ ያኔም እንዲሁ ቀጥ ያለ ነበር። ኦገስትና ሴፕቴምበር ብቻ የሉም። የደሴታችሁ አይጦች ማንበብ ይችላሉ መሰለኝ፤ ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛ ፎቅ የተሞላበትን ሁለት ወር ብቻ መርጠው በልተዋል።

በፖስት ካርዱ የጠየቁኝን ልመልስ። አይ፣ ላይኞቹን ፎቆች አልሰረሰርናቸውም። የምርመራ ናሙና የወሰድነው ከምድር ቤት፣ ከሁለተኛና ከሦስተኛ ነው፤ እነሱ ባዶ ነበሩ። ላይ ያሉት ተከራዮች የድሪል ጩኸት አይታገሡም። ስምንተኛ ፎቅ ላይ ለሰው ኩባንያዎች ስልክ የሚመልስ ድርጅት አለ፤ አርባ አንድ ሴቶች ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ናቸው። የታችኞቹ ውጤት እጅግ ጥሩ ስለነበር ላይኛውም እንደዚያው ነው ብለን አለፍን። እኔ ነኝ አለፍን ብዬ የፈረምኩት። የአባቴን ሥራ አምኜ።

አሁን እርስዎ አፈር አትጫኚ ይሉኛል፣ ምክንያቱን ግን አይነግሩኝም። ለአቶ ሙሮዞኖ ምን ልበላቸው? አጎቴ አልወደደውም? ክሬኑ ለዲሴምበር 20 ተይዟል። ዘጠና ቶን አፈር ነው የሚወጣው።

አልቀልድም አሁን። ዓርብ ዕለት ሰባተኛ ፎቅ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ የውኃ መስመር አየሁ። ቧንቧ ነው አልኩ። ቤቴ ገብቼ ምሳ ስበላ ቧንቧ እዚያ ጋ እንደማያልፍ ትዝ አለኝ።

ይንገሩኝ። እለምንዎታለሁ።

ቶሞኤ


ጎቶ፣ ዲሴምበር 3

ቶሞኤ፣

ጥያቄሽ ከመጣ ጀምሮ አምስት ወረቀት ጽፌ ቀድጃለሁ። ይህን ሳልቀድደው ለፖስታ ቤቷ ልጅ እሰጣታለሁ።

ስድስተኛ ፎቅን ልንሞላ ስንል የወንዝ አሸዋ ጠፋ። አገሩ ሁሉ ሕንፃ ያቆም ነበር። በጀልባ የባሕር አሸዋ መጣልን። የባሕር አሸዋ በውኃ ታጥቦ ጨዉ ካልወጣለት ኮንክሪቱ ውስጥ ያለውን ፌሮ ቀስ እያለ እንደሚበላው አንቺን ማስተማር አይገባኝም። ያ አሸዋ አልታጠበም። እኔ አውቅ ነበር። ምላሴ ላይ አድርጌ ቀምሼዋለሁ። ከስድስተኛ እስከ ጣራው በእሱ ሞላነው።

ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አያውቅም። ማስታወሻውንም ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፤ አይጥ የለብኝም።

የሰባተኛውን ኮርኒስ አስከፍቺና ሶሌታውን፣ የላዩን ወለል ኮንክሪት፣ ከሥሩ እዪው። መዶሻ ይዘሽ ግቢ። ድምፁ ይነግርሻል። ከዚያ ሰዎቹን ከላይ አስወጪ፤ ነገ ዛሬ አትበዪ።

ስላንቺ ሳስብ ፊቴን የማስገባበት የለኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሕንፃው እንዳይፈርስ ስትሮጪ 'በርቺ' እያልኩ እጽፍልሽ ነበር። ያን ቃል ስጽፍ እጄ ምን እንዳሰበ እኔም አላውቅም።

ኩጋ


ሃካታ፣ ዲሴምበር 14

ለአቶ ኢዋኦ ኩጋ፣

ደብዳቤው የደረሰኝ በአሥራ አንድ ነው። ባሕሩ ታውኮ መርከቧ አምስት ቀን አልተሻገረችም አሉ። እኔ እነዚያን አምስት ቀናት የሣሩን ዓይነት ስመርጥ ነው ያሳለፍኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት ከአንድ ግንበኛ ጋር ሰባተኛ ፎቅ ገባሁ። ኮርኒሱን አወረድነው። ግንበኛው ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ የኖረ ሰው ነው፤ መዶሻውን አንዴ መታ አደረገና ወደ እኔ ዞሮ 'ኢንጂነር፣ ከዚህ እንውጣ' አለኝ። እጄን የሚያህል ኮንክሪት ተልጦ ወርዷል። ፌሮው የት አለ ብዬ ፈለግኩት። በነካሁት ቁጥር እንደ ደረቀ ቅጠል ይረግፋል።

ያን ቀን ከሰዓት አቶ ሙሮዞኖ ቢሮ ሄድኩ። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ግን ምን አድርጌያቸው ነበር እኔ? ሁለት ዓመት ሙሉ ጤነኛ ነው ብዬ ያሳመንኳቸው እኔ ነኝ። አሁን አንድ ኮርኒስ ከፍቼ ሦስት ፎቅ ባዶ ያድርጉ እላቸዋለሁ። የጨው ምርመራው ውጤት የሚመጣው ከአዲስ ዓመት በኋላ ነው፤ እሳቸው ለተከራዮቹ ቃል ገብተዋል። የደሴት ሽማግሌ ደብዳቤ ማስረጃ አይሆንም አሉኝ። አፈሩ በሃያው ይወጣል፤ እኔ አልፈርምም ካልኩ ሌላ መሐንዲስ አለ። የከተማው ሹሞችም ተመሳሳይ ነገር ነው ያሉኝ፦ ስሙን፣ አድራሻውንና የግል ማኅተሙን ያኖረ ምስክር አምጪ።

ስለዚህ ምስክርነትዎን በማኅተም ይላኩልኝ። አምስት ቀን ነው ያለኝ። ስምንተኛ ፎቅ ያሉት ሴቶች ኮታቸውን ሰቅለው ስልክ ያነሳሉ፤ እኔ ከታች ቆሜ መስኮቶቹን እቆጥራለሁ። ውጡ ብላቸው ማን ትሰማኛለች?

ሌላም ነገር አለ። ያ ፋይሉ ውስጥ ያለው ብቸኛ ወረቀት፣ አሸዋው ተመርምሮ ደህና ነው የሚለው፣ ማኅተም አለበት። የእርስዎ አይደለም። የአባቴ ነው።

ሌላ ሰው አያውቅም ብለው ጽፈውልኛል። ማኅተሙን ሰርቀውት ነበር? ሰርቄዋለሁ ይበሉኝ።

ቶሞኤ ሂዳካ


ጎቶ፣ ዲሴምበር 17

ልጄ፣

በስምሽ ልጠራሽ አልደፈርኩም፣ ልጄ ማለቱንም ከፈለግሽ ሰርዢው።

አልሰረቅኩትም።

ኦገስት መጨረሻ ነበር። ዝናቡ ሳይመጣ ጣራው እንዲያልቅ የሽማግሌው የሙሮዞኖ ሰዎች በየቀኑ ይመጡ ነበር። ካላለቀ ሥራውን ለሌላ እንሰጣለን ይሉናል፤ ከእኛ ጋር ሠላሳ ሰው አለ። አሸዋውን ማጠብ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። እፍኝ አሸዋ ይዤ አባትሽ ወደሚሠራበት ቆርቆሮ ቤት ገባሁ።

'ሹንሳኩ፣ ይህ አልታጠበም' አልኩት።

'አውቃለሁ' አለኝ።

'ታዲያ?'

'ኢዋኦ፣ በዚህ አገር አርባ ዓመት የቆመ የቢሮ ሕንፃ አይተህ ታውቃለህ? አርባ ዓመት ይችላል። ከዚያ በፊት ራሳቸው ያፈርሱታል' አለኝ።

ማኅተሙን አወጣና መታው። እኔም እፍኜ ውስጥ ያለውን አሸዋ ደጅ ወጥቼ ደፋሁት። ይኸው ነው። ሰው በሕይወቱ የሚሠራው ትልቁ ጥፋት ረጅም ጊዜ የሚወስድ ይመስለኝ ነበር፤ ሻይ እስኪቀዘቅዝ እንኳን አልፈጀም።

ከዚያ ስንቆጥር ኖርን። ሌላ ሰው የሠራው እንዳይፈርስ ይጸልያል፤ እኛ የእኛው እንዲፈርስ ነበር የምንጠብቀው። አርባ ዓመት ሲሞላው አባትሽ እዚህ ድረስ መጥቶ 'አሁንም ቆሟል' አለኝ። ያኔ መናገር ነበረብን። 'ሊያፈርሱት እያወሩ ነው' አለኝ፤ እሱን ይዘን ዝም አልን። በዓመቱ ሞተ። ሳይሞት ላንቺም ሕንፃዬ ይፍረስ ሲልሽ ትሕትና መስሎሽ ነበር፤ ነግረሽኛል።

ከዚያ አንቺ አየሩን አድናለሁ፣ አፍርሶ መሥራት ኃጢአት ነው ብለሽ ተነሳሽ። ቃልሽ ሁሉ እውነት ነበር። በዓለም ላይ ካሉት ሕንፃዎች ግን የአባትሽን መረጥሽ።

ሁለት ምስክርነት ጽፌያለሁ፤ ሁለቱም በማኅተሜ ነው። አንደኛው ሁሉንም እኔ ብቻ እንዳደረግኩት፣ ሹንሳኩ እንደተታለለ ይላል። በሁለተኛው እውነቱ አለ። የመጀመሪያው ስሙን ያድናል። ነገር ግን መሐንዲሱ መርምሬያለሁ ብሎ ያተመውን የአንድ ፎርማን ቃል አያፈርሰውም ቢሉስ? ሁለተኛውን ማንም ሊያስተባብለው አይችልም፤ አንቺን ግን አብሮ ይዞ ይወርዳል።

እኔ መምረጥ አቃተኝ። ዕድሜዬን ሁሉ ያልመረጥኩ ሰው ነኝ። መርከቡ ነገም አይሄድም ብለዋል፤ የሶኖ ወንድም በዓሣ ጀልባው ይሻገራል፣ በእጁ ያደርስልሻል። እምቢ እንዳይል ተንበርክኬ ለምኜዋለሁ።

ኢዋኦ


ሃካታ፣ ዲሴምበር 19

ሰውዬው ደርሷል። ልብሱ ሁሉ ርሶ ነበር፤ ወረቀቶቹ ግን ደረቅ ናቸው።

አንዱን ቀድጃለሁ። አሁን ወደ አቶ ሙሮዞኖ እየወጣሁ ነው። ክሬኑ ከዛሬ ጀምሮ በር ላይ ቆሟል።

አይጻፉልኝ።

ቶሞኤ


ጎቶ፣ ጃንዋሪ 27 ቀን 2019

ቶሞኤ፣

አይጻፉልኝ ብለሽ ሳለ ይህ ሦስተኛዬ ነው። መልስ አልጠብቅም። ነገር ግን ከሃካታ ሁለት ሹሞች መጥተው ነበር፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። ጥያቄውን ወረቀት ላይ እየጻፉ አሳዩኝ፣ እኔ በቃሌ መለስኩ። ሴትየዋ መጨረሻ ላይ 'ወረቀቱን ያመጣችው የመሐንዲሱ ልጅ እንደሆነች ያውቃሉ?' ብላ ጻፈች። እንደ ራሴ ልጅ አውቃታለሁ አልኩ። ከዚያ እውነቱ ያለበትን ወረቀት እንደሰጠሻቸው ገባኝ።

ስለ አንቺ ስጠይቃቸው ምንም አልነገሩኝም። ሶኖ ጋዜጣ ታመጣልኛለች፤ ስለ ሕንፃው ሁለት መስመር አለ፣ ሰው ተጎዳ አይልም። ሌላ አልፈልግም ብዬ ነበር። ለካስ እፈልጋለሁ። ይቅር በዪኝ ማለቱ አሁን ትርጉም እንደሌለው አውቃለሁ። ይቅር ትዪኛለሽ ወይ ብዬ ግን እጠይቅሻለሁ፤ በሕይወቴ ቀጥ ብዬ የጠየቅኩት ይህን ብቻ ነው።

እናትሽ እንዴት ናት?

ኢዋኦ ኩጋ


ሃካታ፣ ፌብሩዋሪ 20

አጎቴ፣

ሦስቱንም ደብዳቤዎች የከፈትኳቸው ትናንት ነው። እስከዚያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ በዙሪያቸው ስዞር ነበር።

ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር። እናቴ ከዲሴምበር ሃያ ሁለት ጀምሮ አላናገረችኝም። እህቷ ቤት ነው ያለችው። በር ላይ ሄጄ ነበር፤ አክስቴ 'አንዴ መሞቱ አልበቃ ብሎሽ አባትሽን ሁለተኛ ገደልሽው ትላለች' አለችኝና በሩን በቀስታ ዘጋችው።

አቶ ሙሮዞኖ ወረቀቱን ቆመው አነበቡት፤ ከዚያ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። 'አባቴስ ያውቅ ነበር?' ብቻ አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። የእርስዎ ወረቀት ላይ ያስቸኮሉት የእሳቸው አባት እንደነበሩ አለ፤ እሱን መስመር ሁለት ጊዜ በጣታቸው ሲከተሉት አየሁ። ስልክ አንስተው ክሬኑን መለሱ። ሦስቱ ፎቆች በዓመቱ መጨረሻ ሳምንት ባዶ ሆኑ።

ጃንዋሪ ላይ ጨዉ ተመርምሮ መጣ። ከፈራሁት ይብሳል። ጣራው ላይ መርማሪዎቹ በመዶሻ ሲመቱ አብሬያቸው ነበርኩ፤ በአራተኛው ምት መዶሻው አልፎ ሄደ። በቀዳዳው ሳይ ከታች የአንዷ ጠረጴዛ አለ፣ ላዩ ላይ ተረስቶ የቀረ የእጅ ክሬም።

ሕንፃው አይፈርስም። ከላይ ሦስቱ ፎቆች ተቆርጠው ይወርዳሉ፤ አምስቱ ይቀራሉ። መስታወቱም ልባሱም ለአምስቱ ይገባል፣ ማሞቂያውም ይወጣል። ሂሳቡ አሁንም ትክክል ነው አሉ። የሚሠራው ግን ሌላ ሰው ነው። እኔ ማርች ላይ ፈቃድ ሰጪዎቹ ፊት እቀርባለሁ፤ ላይኛውን ሳልመረምር ጤነኛ ነው ብዬ ፈርሜያለሁና ፈቃዴን የሚተዉልኝ አይመስለኝም። ቢሮዬን ዘግቻለሁ። ሁለቱን ረዳቶቼን ሌላ ቦታ አስገብቼአቸዋለሁ፤ የእኔን ስም እንዳይጠሩ መክሬ።

የስልኩ ድርጅት ሌላ ቦታ አልተከራየም፤ እዚሁ የነበረውን ቅርንጫፍ ዘጋው። ካጂ የምትባል፣ ስምንተኛ ፎቅ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራች ሴት፣ ጣቢያው ፊት ለፊት አግኝታኝ አቆመችኝ። አልጮኸችም። 'ሕንፃው ቆሞ ነበር' አለችኝ፤ 'ማንም ላይ አልወደቀም። እኛ ላይ የጣልሽው አንቺ ነሽ።' ቀዳዳውንና ዘጠና ቶኑን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ጣራውን የበሳው መዶሻ በእሷ ዓይን አልታየም፤ የጠፋው ደመወዟ ግን ይታያታል። ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኳት። አጎቴ፣ ስላልወደቀ ነገር ይቅርታ መጠየቅ እንዴት እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። ለወደቀው ቢሆን ሰው ያለቅስልኝ ነበር።

ይቅር ትዪኛለሽ ወይ ብለዋል። አላውቅም። እየፈለግኩት ነው፤ አንዳንድ ጠዋት ያገኘሁት ይመስለኝና ጥርሴን ስፍቅ ይጠፋብኛል። ሲያሻኝ በእርስዎ እቆጣለሁ፣ በእርስዎ ላይ ሲያልቅብኝ በእሱ እቆጣለሁ፤ እሱ ግን መልስ አይሰጥም፣ ፎቶው ላይ ያው እንደ ወትሮው ይስቃል።

ቅዳሜ በሚገባው መርከብ እመጣለሁ። ወደብ ድረስ አይውጡ፣ ጉልበትዎን ያሳርፉ። ምንም አያዘጋጁ፤ ሶኖንም አያስቸግሯት። ይቅርታም እንዳይጠይቁኝ፣ እንዳይንበረከኩም። ማኅተሙን ደግመው እንዲነግሩኝ አይደለም የምመጣው፤ እሱን አውቄዋለሁ።

አባቴ ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር፤ እኔ ካለሁበት በሰባት ዓመት ያንሳል። እኔ የማውቀው ከጎለመሰ በኋላ ነው። ያ እርስዎ የሚያውቁት ወጣት ማን እንደነበር ማንም አልነገረኝም። ያን ቀን ጠዋት ምን እንደበላ ይንገሩኝ። ቆርቆሮ ቤቱ ይሞቅ ነበር? ወረቀቱን ካተመ በኋላ ወዴት ሄደ? እርስዎ አሸዋውን ደፍተው ሲመለሱ ቀና ብሎ አየዎት ወይስ አላየዎትም?

ቶሞኤ